የጋዝጊብላ ደን መሬት ላይ ሳይለካ ቁጥር አይጽደቅለት

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ «ባዮማስ» የተባለችውን ሳተላይት ከፈረንሳይ ጊያና አመጠቀ። የ70 ሴንቲ ሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ያለው ራዳሯ ቅጠሉን ዘልቆ ግንድና ትልልቅ ቅርንጫፎች ዘንድ ስለሚደርስ፣ የሐሩር ደኖችን ክብደትና ያመቁትን ካርቦን ለመገመት ትልቅ አቅም ይሰጣል። እርምጃውን በደስታ እንቀበላለን። ሆኖም በዋግ ኽምራ፣ በጋዝጊብላ ወረዳ ላለው ደን ከሰማይ የመጣ ቁጥር ብቻውን ሊጸድቅ አይገባም እንላለን።

ሳተላይት ዛፍ አይመዝንም። የሚመዘግበው የራዳር ማሚቶን፣ የሌዘር ምላሽን ወይም የብርሃን ነጸብራቅን ነው። ይህ ምልክት ወደ ቶን የሚለወጠው ሰው መሬት ላይ ከለካቸው ዛፎች ጋር ሲመሳከር ነው። የመሬቱ ልኬትም ጥንቃቄ ይሻል። በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር፣ 8 ሜትር ቁመት፣ እንጨቱም በኩብ ሴንቲ ሜትር 0.5 ግራም ጥግግት ያለው ዛፍ፣ ተመራማሪው ሻቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ቀመር ሲሰላ ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደቱ 90 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዲያሜትሩ 22 ተብሎ ቢመዘገብ ግን ክብደቱ 109 ኪሎ ይደርሳል። የሁለት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ውጤቱን በ20 በመቶ አዛባው ማለት ነው።

የጋዝጊብላ መልክዓ ምድር ችግሩን ያከብደዋል። ገደላማ ተዳፋት የራዳርንም የሌዘርንም ምልክት ያዛባል። ቁጥቋጦው በሳሳበት ቦታ የአፈሩ ምላሽ ከዛፉ ጋር ይቀላቀላል፤ በበጋ ቅጠል ሲረግፍም ምስሉ ይለወጣል። ከንክኪ ነፃ በተደረገ መሬት ላይ የሚያገግሙት ክትክታና ደደሆ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ስለሚያወጡ፣ ለባለ አንድ ግንድ ዛፍ የተሠራ ቀመር በልካቸው አይሆንም።

የስፋቱም ነገር አለ። በኢትዮጵያ ትርጓሜ መሠረት ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የአክሊል ሽፋን ያለው መሬት ነው። የባዮማስ ሳተላይት የክብደት ካርታ ግን 200 ሜትር በ200 ሜትር በሆነ ካሬ፣ ማለትም በ4 ሄክታር ይሰላል። ጥድና ወይራ ያቀፈች አነስተኛ የቤተ ክርስቲያን ደን በዚህ ካሬ ውስጥ ከዙሪያዋ እርሻ ጋር ተደባልቃ ትጠፋለች። በሄክታር ከ50 ቶን በታች ክብደት ባለው ደን የሳተላይቷ የትክክለኛነት ግብም 10 ቶን ነው። 20 ቶን ብቻ በሚገኝበት ሳሳ ያለ ደን ይህ የስሕተት ወሰን ግማሹን ያህላል።

ጉዳዩ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ አይደለም። ተራራውን የከለለው አርሶ አደር የግጦሽ መሬቱንና የማገዶ እንጨቱን ትቷል። ግምቱ ዝቅ ካለ ድካሙ ዋጋ ያጣል፤ ከፍ ካለ ደግሞ በስሙ የማይጸና የካርቦን ሽያጭ ውል ይፈረማል። የደረቅ አካባቢ ደን መዘንጋቱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ያወጣው ጥናት የዓለም ደረቅ አካባቢዎች የደን ስፋት ቀድሞ ከተገመተው ከ40 እስከ 47 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

የመስክ ልኬት ወጪ ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። እያንዳንዱን ኮረብታ በእግር መዞር አይቻልም፤ ሳተላይት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ የተመረጡ ናሙና ቦታዎችን መለካት ሜትር፣ የቁመት መለኪያ፣ ጂፒኤስና የሠለጠነ ሰው ይበቃዋል። የናሙናው ስፋት በአግድም እንዲሰላ ማድረግም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የተለካ 20 ሜትር በአግድም 17.3 ሜትር ብቻ ነውና፣ ይህን መዘንጋት የሄክታሩን ክብደት ያሳንሳል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። በጋዝጊብላ ከንክኪ ነፃ በሆኑ ቦታዎችና በቤተ ክርስቲያን ደኖች ቋሚ ናሙና ቦታዎች ይከለሉ፤ በየአምስት ዓመቱም ዳግም ይለኩ። የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ፣ በኅብረተሰቡ ፈቃድ፣ ጥቂት ቁጥቋጦዎችን ቆርጦና መዝኖ ለአካባቢው የሚስማማ ቀመር ያዘጋጅ። የወረዳው ወጣቶች ሠልጥነው በክፍያ ይለኩ፤ ውጤቱም በቀበሌ ስብሰባ ይነገር። ክልሉና የኢትዮጵያ ደን ልማት የስሕተት ወሰኑ ያልተጻፈበትን ማንኛውንም የካርቦን ቁጥር አይቀበሉ። እነዚህ ሳይሟሉ በጋዝጊብላ ደን ላይ የካርቦን ውል ሊፈረም አይገባም።