ከመጠጥ ለመላቀቅ ብቻዎን አይታገሉ

በማክሰኝት ከተማ መጠጣት የፈለገ ሰው ጓደኛ አያጣም። ጠላ ቤቱም፣ አረቄ ቤቱም፣ ግሮሰሪውም ቅርብ ነው። «ዛሬን ሳልጠጣ እንዳድር አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ግን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁመው በቀላሉ አያገኝም። የዛሬው ምክራችን ለዚህ ሰው ነው። ምናልባት እርስዎ ራስዎ፣ ምናልባትም ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

በቅድሚያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ግራ መጋባትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል፣ ሕክምና ካላገኘም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ቤት ዘግተው ብቻዎን አይሞክሩት። ጠበል ለመግባት ያሰበ ሰውም አስቀድሞ ባለሙያ ያማክር፤ ሁለቱ አይጋጩም።

የመጀመሪያው በር በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ባለሙያው ምን ያህል፣ በየስንት ጊዜ እንደሚጠጡ ይጠይቅዎታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛም ችግሩ ምን ያህል እንደጠነከረ ለማወቅ ይረዳል። ሳያፍሩ እውነቱን ይንገሩት። ችግሩ ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊላኩ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ሕክምናው የመጀመሪያዎቹን አስቸጋሪ ቀናት ያሻግራል። ከዚያ በኋላ ግን ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ የገበያ ቀኑ ይመጣል። ብዙዎች ወደ መጠጥ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። የመደጋገፊያ ቡድን አስፈላጊነቱም ለዚህ ጊዜ ነው።

በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነው እንዲህ ያለ ቡድን አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ፣ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም መሠረቱት። ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተሰብሳቢዎች ክፍያ አይጠየቁም፤ የአባት ስምም አይናገሩም። አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል። ግባቸው ለዘላለም መማል ሳይሆን ዛሬን ሳይጠጡ መዋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን የመረመረ የኮክሬን ግምገማም ሰዎችን ወደዚህ ቡድን የሚያስገቡና በመርሆቹ የሚመሩ የሕክምና ፕሮግራሞች ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ይካሄዳሉ፤ በኢንተርኔት የሚካፈሉባቸውም አሉ። ለማክሰኝት ነዋሪ ግን በየሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ የማይታሰብ ነው። ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ መሰባሰብን ከማንም አንማርም። እድር፣ እቁብ፣ ማኅበርና ሰንበቴ አሉን። ተራ መጠበቅን፣ የቀረውን መጠየቅን፣ የታመመውን መጎብኘትን እናውቅበታለን። የጎደለን ጠላ የማይቀዳበት ማኅበር ነው። ይህንንም 2 ወይም 3 ሰዎች ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጤና ጣቢያው በሳምንት አንድ ቀን ክፍል እንዲፈቅድላችሁና ባለሙያ እንዲያግዛችሁ ጠይቁ። ሰዓቱን ብዙ ሰው ወደ መጠጥ ቤት በሚያመራበት ምሽት ላይ አድርጉት። ቡና ወይም ሻይ ይበቃል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሳይሸማቀቅ የሚገባበት ቦታ ይሁን። ከሁሉ በላይ እዚያ የተነገረ ነገር ከበር አይውጣ፤ ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ አንድ ወሬ ቡድኑን ይበትነዋል። ተመልሶ የጠጣም አይባረር፤ ቡድኑ የሚያስፈልገው ይበልጡን ለእሱ ነው።

ቤተሰብና ጎረቤትም ድርሻ አላችሁ። ለማቆም የሚጥረውን ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» አትበሉት። በድግሳችሁ ብርዝ ወይም ለስላሳ አቅርቡለት። ሰክሮ ሳለ አትምከሩት፤ ሲነቃ በእርጋታ አነጋግሩት፤ ወደ ጤና ጣቢያም አብራችሁት ሂዱ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች መሸጥንም ከልክሏል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ክልከላ ግን አስቀድሞ በመጠጥ የተያዘውን ሰው አያድነውም። የወረዳና የከተማ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በየጤና ጣቢያው በሳምንት ለአንድ ሰዓት አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበሮች ቢያዘጋጁ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን የብዙ ቤተሰብ ነው።

እርስዎም ክፍሉ እስኪዘጋጅ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊትም ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ። ሁለት ከሆናችሁ ቡድኑ ተጀምሯል።