ተነሳ ማለት ሠራ ማለት አይደለም

ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል ተሠርቶ ሲያልቅ ድካሙ አላለቀም። አፄ ቴዎድሮስ መድፉን መቅደላ ለማድረስ መንገድ ማስጠረግ ነበረባቸው። ዛሬ ኮምፒውተር ገጣጥመው ማክ ኦኤስ የሚጭኑ ወጣቶች ግን የአፕል አርማ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ጨረስን ይላሉ።

አላለቀም። ጤነኛ ፕሮሰሰር ሥራ ሲቀንስ ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ይቀንሳል። በተገጣጠመ ማሽን ላይ ይህ በራሱ አይመጣም። ከማክ ኦኤስ 12.3 በፊት፣ ከሃስዌል ወዲህ ባሉት ኢንቴሎች ላይ፣ ኤስኤስዲቲ-ፕለግ የምትባል ትንሽ ፋይል ኦፕንኮር ውስጥ መግባት ነበረባት። የሚመረጠው የማክ ሞዴልም ከፕሮሰሰሩ ጋር መቀራረብ አለበት። ካልሆነ ፍጥነቱ አንድ ቦታ ሊቸከል ይችላል።

«አገሩ ብርድ፣ ምን ይሞቃል?» የሚል አይጠፋም። ብርዱስ ይረዳል። ግን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። መብራት ሄዶ በዩፒኤስ ሲሠራ ደግሞ በከንቱ የሚበላው ዋት ፋይል ሴቭ ለማድረግ የቀረችውን ደቂቃ ይሰርቃል።

ለዚህ ብሎ አዲስ ዕቃ መግዛትማ ገንዘብ መጣል ነው። አፕል በፈረንጆቹ 2020 ወደ ራሱ ቺፕ መሄድ ጀመረ፤ በ2025 ደግሞ ማክ ኦኤስ 26 ለኢንቴል የመጨረሻው መሆኑን አሳወቀ። ፈቃዱም ቢሆን ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ መጫንን አይፈቅድም። ሊኑክስ ላይ የኃይል ቁጥጥሩ ከከርነሉ ጋር ይመጣል፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይሠራበታል።

ማሽኑን አስቀድሞ የገጠመ ግን ሥራ ሲፈታ ፍጥነቱ መውረዱን፣ ስሊፕ አድርጎም መንቃቱን ይፈትሽ፤ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ለማድረግ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት።