ማግኒዥየምን በቶን ዋጋ ብቻ የሚገምት ይከስራል

ዓይናቸውን በብረታ ብረት ገበያ ላይ የጣሉ ባለሀብቶቻችን ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ቶኑ ስንት ገባ?» ይላሉ። ለመዳብ ይሁን። ለማግኒዥየም ግን ይህ ጥያቄ መንገድ ያስታል ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር መያዣ የሚሞላ ማግኒዥየም 1.74 ኪሎ ሲመዝን፣ ያንኑ የሚያህል አሉሚኒየም 2.7፣ ብረት ደግሞ 7.8 ኪሎ ይመዝናል። የመኪናና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ለዚሁ ቅለቱ ነው። የሚፈሩት ደግሞ ድክመቱን ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ሲጫኑት ቶሎ ይሰነጠቃል።

ታዲያ በምን ይጠነክራል? ማናቸውም ብረታ ብረት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እርስ በርስ የተጣበቁ የጥቃቅን ቅንጣቶች ክምር ነው። ቅንጣቱ በደቀቀ ቁጥር ጥንካሬው ይጨምራል። ይህንን ሆልና ፔች በ1951 እና በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በብረት ላይ አሳይተዋል። ማግኒዥየም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ አሉሚኒየም ከሚያገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማድቀቂያው ሙቀትና ጉልበት ነው፤ አግሎ በጠባብ ቀዳዳ ገፍቶ ማውጣት፣ ወይም በመዳመጫ መካከል ማሳለፍ። እንግዲህ ያው አንድ ቶን ማግኒዥየም፣ እንደ ሠራተኛው እጅ፣ ሁለት ዓይነት ሸቀጥ ይሆናል ማለት ነው።

በ2001 የጃፓኑ ኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዮሺሂቶ ካዋሙራና ባልደረቦቹ ቅይጡን በቅጽበት አቀዝቅዘው ዱቄት ካደረጉ በኋላ አግለው በመጭመቅ 610 ሜጋፓስካል አድርሰውታል። ለግንባታ የምንገዛው ግሬድ 60 ፌሮ 420 መሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም በዚያ ቅይጥ ውስጥ በክብደት 7 በመቶ ያህል ይትሪየም የሚባል ውድ ማዕድን አለ። ቻይና በሚያዝያ 2025 ለውጭ ገበያ በፈቃድ ብቻ እንዲወጡ ከወሰነችባቸው ሰባት ማዕድናት አንዱ ይኸው ነው። ጥሬው ማግኒዥየምም ቢሆን አብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው። በ2021 መገባደጃ የሻንሺ ክፍለ ሀገር ማቅለጫዎች በኤሌክትሪክ እጥረት ሥራ ሲያቆሙ ዋጋው በጥቂት ሳምንት ከእጥፍ በላይ ዘሎ ነበር። ይትሪየም ጨምሮ ጥንካሬ የሚገዛ ፋብሪካ በአንድ በር ላይ ሁለት ጊዜ ይለምናል።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ማድቀቁን በሚያውቅ ፋብሪካ ላይ ቢያውል ይሻለዋል እላለሁ። 3 በመቶ አሉሚኒየምና 1 በመቶ ዚንክ ብቻ ያለበት ኤዜድ 31 የተባለው ተራ ቅይጥ በደንብ ከተሠራ ለብዙ ዕቃ ይበቃል። በማዕዘን ቦይ ደጋግሞ የማሳለፉ ዘዴ ቅንጣቱን የበለጠ ያደቃል ይባላል፤ እውነትም ያደቃል፤ ነገር ግን ቁራጭ በቁራጭ ስለሆነ ለላቦራቶሪ እንጂ ለገበያ አይመችም። እኔ የማምነው በመግፊያውና በመዳመጫው ነው።

ሻጭ የሚያሳየው ወረቀት ግን ጉድለቱን አይናገርም፤ የመርካቶ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተገፍቶ የወጣ የማግኒዥየም ዘንግ ሲጎትቱት ጠንካራ ሆኖ ሳለ፣ ሲጫኑት በግማሽ ያህሉ ኃይል ሊሸነፍ ይችላል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ የጉተታው ቁጥር ነው። ሙቀት ባለበት ቦታ ከዋለም የደቀቀው ቅንጣት መልሶ ያድጋል፤ የተከፈለበት ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። ደላላው የቶኑን ዋጋ ሲጠራ፣ ተጭኖ ስንት እንደሚችልና በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚሠራ ይጠየቅ።