አንድ ከረጢት ለሦስት መንገደኛ

ባለፉት ወራት ከልዩ ልዩ ቤተ ሰብ በደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ አንድ አሳብ ይመላለሳል፤ ይኸውም «ሀብት የሌለው ሰው ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ይችላልን?» የሚል ነው። አንድ የፎገራ አባወራ ደግሞ ስእለቱን ለመፈጸም የእርሻ በሬውን ሽጦ መሄድ ይገባው እንደ ሆነ አጥብቆ ጠይቆናል። ነገሩ የትዳርና የነፍስ ነገር ስለ ሆነ በወሬ መመለስ አይገባንም። ስለዚህ እኛ ራሳችን በ2011 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል ከሁለት ባልንጀሮቻችን ጋር ያደረግነውን አጭር ጉዞ ከነወጪውና ከነፈተናው እንነግራችኋለን።

ሦስታችንም የወረታ ነዋሪዎች ነን፤ ሁለታችን መምህራን ስንሆን ሦስተኛው ሩዝ የሚዘሩ ቄስ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. አንድ የጨርቅ ከረጢት ሰፋንና ውል አደረግን። ውሉም ማንም እንዳይበደር፥ ማንም የእርሻ በሬ እንዳይሸጥ፥ የአንዱ ቤት ቢታመም ከከረጢቱ ተወስዶ እንዲታከም የሚል ነበር። መምህራኑ በየወሩ 700 ብር ስናስቀምጥ፥ ቄሱ ግን ሩዙ ታጭዶ በሚሸጥበት ጊዜ የዓመቱን 8,400 ብር ባንድ ጊዜ ይከፍሉ ነበር። በ5 ዓመት የያንዳንዳችን ድርሻ 42,000 ብር ደረሰ። ገንዘቡ በባንክ ቢቀመጥም መዝገቡ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነበር፤ ከረጢቱም ያለው በቄሱ እጅ ነበር።

የጉዞው ድርጅት የመግቢያውን ፈቃድና የአውሮፕላኑን ቦታ ብቻ አሰናዳልን፤ ማደሪያውንና መብሉን ለራሳችን ያዝነው። ድርጅቱም ለመመለሳችን ዋስ ጠየቀን፤ ይህን ዋስ አንባቢው በልቡ ይያዝልን፥ ኋላ እንመለስበታለንና። ከወረታ በአውቶቡስ ተነሥተን፥ ጉማራን ተሻግረን፥ በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ በአውሮፕላን የ4 ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አባቶቻችን በሱዳንና በምስር በረሐ፥ ወይም በምጽዋ ወርደው በባሕር፥ በብዙ ወራት የፈጸሙትን ጉዞ እኛ ከማታ እስከ ንጋት ፈጸምነው። ሚያዝያ 13 ቀን፥ በሆሳዕና ዕለት፥ ጎሕ ሲቀድ ደረስን።

አሁን ስለ ወጪው እንናገር። በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ ሦስት አልጋ ያለበት አንድ ክፍል ተከራየን። ከቅጥሩ ውጭ ርካሽ ክፍል ነበረ፤ ነገር ግን የአይሁድ ፋሲካ በዚያው ሳምንት ስለ ዋለ፥ የመጨረሻው በዓላቸውና ሰንበታቸው ተከታትለው ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡሱም በሐዲድ የሚሄደው የከተማ ባቡርም ይቆማሉ። በዚያ ጊዜ ሩቅ ያደረ ሰው ለታክሲ የሚከፍለው በክራዩ ካተረፈው ይበልጣል። ሌሊቱን ሁሉ በጸሎት ለሚያሳልፍ ተሳላሚ በእግር የሚደርስበት ማደሪያ ይሻለዋል። ወደ ቤተ ልሔም ስንሄድም ከደማስቆ በር አጠገብ በሚነሣው በዐረቦቹ አውቶቡስ ተሳፈርን።

ምግብ እምብዛም አላስቸገረንም፤ ሰሞነ ሕማማት ስለ ነበረ የምንበላው ማታ ብቻ ነበር። በአይሁድ ሱቆች እርሾ ያለበት እንጀራና ዳቦ በፋሲካቸው አይሸጥም፤ ቂጣ ብቻ ነው። በአሮጌው ከተማ ያሉት ዐረቦች ግን ሰሊጥ የተነሰነሰበት እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ዳቦ ይሸጣሉ። ከእርሱ ጋር ሁሙስ የሚሉትን የሽምብራ ልቁጥና ፈላፍል የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ድቡልቡል በላን። ቄሱ የመጀመሪያውን ቀን ቀምሰው፥ «ይህማ የእኛው ሽምብራ ነው፤ ሩዙ ከተነሣ በኋላ በእርጥቡ መሬት የምንዘራው!» ብለው ሳቁ። በልቁጡ ውስጥ የሚገባውም ሰሊጥ እንግዳ አይደለም፤ የሑመራ ሰሊጥ ወደ እስራኤል ከሚላኩት የአገራችን ምርቶች አንዱ ነው።

ከረጢቱን ያጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ስጦታ ነው። ጎረቤቱም፥ የክርስትና ልጁም፥ የማኅበር አባሉም «ከኢየሩሳሌም ምን አመጣህልኝ?» ይላልና። በሁለተኛው ቀን ስናሰላ ለመስቀልና ለጧፍ ያወጣነው ከመብሉ በልጦ ተገኘ። ስለዚህ የምትሄዱ ሁሉ የስጦታውን ዝርዝር ከቤታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ ከዝርዝሩ ውጭ አትግዙ።

ረቡዕ ዕለት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። ክብ የሆነውን ሕንፃ ስናይ አገራችን የገባን መሰለን። ሥራው የተጀመረው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ሲሆን የተፈጸመው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ነው። ዐፄ ዮሐንስ ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ያደረጓት ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ናት። በዚያው ሰፈር፥ በነቢያት መንገድ ላይ፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የተሠራው ቤት ፊቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ይዞ ይታያል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በዚያች ከተማ ቤት የሠሩት ክራዩ ለመነኮሳቱ ቀለብ እንዲሆን ነበር። እነርሱም ለሩቅ መንገድ ስንቅ አስበዋል ማለት ነው።

ፈተናው የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። መምህሩ ባልንጀራችን ከአገራችን ልጆች አንዱን በመንገድ አገኘ። ሰውየው ከዓመታት በፊት ተሳላሚ ሆኖ መጥቶ የቀረ፥ በምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥብ ነው። የወር ደመወዙን ሲነግረው ከመምህር የብዙ ወራት ደመወዝ በለጠ። ባልንጀራችን ወደ ክፍላችን ገብቶ ብዙ ሰዓት ዝም ካለ በኋላ፥ «አባ፥ እኔ ብቀርስ? ዐሥር ዓመት አስተምሬ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ልጆቼ ሦስት ናቸው» አለ።

ቄሱ አልተቈጡም። ከረጢቱን አልጋው ላይ ዘርግፈው የቀረውን ገንዘብ ከሦስት ከፈሉና አንዱን ክፍል ወደ እርሱ ገፉለት። «ልጄ፥ ይህ ድርሻህ ነው፤ የሚቀር ሰው ያለ ስንቅ አይቀርም። ነገር ግን ዋስ የሆኑልህ አማትህ ናቸው። እኔ ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው ‹ልጄስ?› ይሉኛል። የምመልስላቸውን ቃል አንተው ንገረኝና እርሱን ይዤ ልሂድ» አሉት።

እኛስ ምን አልን? ምንም አላልንም። ያ አሳብ በእኛ ልብ አላለፈም ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ ዝም ያልነውም ስለዚሁ ነው። ባልንጀራችን ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሲፈልግ አደረ። ዓርብ ንጋት ላይ ለስግደት ስንነሣ ድርሻውን አንሥቶ ወደ ከረጢቱ መለሰው፤ ማንም ስለዚያ ነገር አልተናገረም።

ቅዳሜ ማታ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለችው በዴር ሡልጣን ገዳማችን ነበርን። መነኮሳቱ በጠባብ ጎጆዎች ውስጥ ሙቀቱንና ብርዱን ችለው ርስታቸውን ሲጠብቁ አየን፤ በርቱዕ ብንፈርድ ከእነርሱ ዘንድ ድኻ መንገደኛ መባል አይገባንም ነበር። ሕዝቡ ጧፍ አብርቶ ሲዞር መምህሩ ሲያለቅስ አየነው፤ የደስታ ይሁን የቁጭት እኛ አልጠየቅነውም።

እንግዲህ ይህን ስንጽፍ በዚያ የቀሩትን ወገኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሚልኩት ገንዘብ ወላጅ ይጦራሉ፥ ልጅ ያስተምራሉ። ነገር ግን ለመቅረት የሚያስብ ሰው ዋሱን አስቀድሞ ከዋስነቱ ያውርድ፤ ከዚያ በኋላ ይምከር። ተሳላሚ ብሎ ወጥቶ ዋሱን ለዕዳ የሚጥል ሰው ለኋለኛው ተሳላሚም በሩን ይዘጋበታል።

ለጠያቂያችን አባወራ መልሳችን አጭር ነው፤ በሬህን አትሽጥ። በቤት የሚቀሩት የሚበሉት በእርሱ ነውና። ከሁለትና ከሦስት ታማኝ ባልንጀሮች ጋር ከረጢት ስፋ፤ ጊዜው ይርዘም እንጂ ትደርሳለህ። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቅድስት አገር ጦርነት ተነሥቷል፤ በእኛም አገር መንገዱ እንደ ቀድሞው ቀና አልሆነም። ስለዚህ የሚቆጥብ ሰው አሁን ይቆጥብ፤ የሚነሣበትን ቀን ግን የሁለቱን አገር ጸጥታ አይቶ ይቁረጥ። ዋጋውም ከእኛ ዘመን እጅግ ስለ ጨመረ በእኛ 42,000 ብር አይመን።

ከተመለስን በኋላ ቄሱ ከረጢቱን ለሌላ ነገር አዋሉት። ሁለታችንን ጠርተው፥ «አሁን ደግሞ የምንሄደው ወደ ወረታ ነው» አሉን። ወርኃዊው መዋጮ እንደ ገና ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዕጣም ያለ ክርክር ለመምህሩ ተሰጠ። ባለፈው ዓመት የቤቱ ቆርቆሮ ሲመታ አማቱ በአጥሩ በር ላይ ተቀምጠው ሚስማር ያቀብሉ ነበር።