ቦንጋ ቡናዋን ራሷ ትመርምር

እ.ኤ.አ. በ2004 ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ«ኔቸር» መጽሔት አንድ ግኝት አወጡ። መነሻቸው ኢትዮጵያ የሆነ 3,000 ያህል የቡና ዛፎችን መርምረው፣ ካፌይን አልባ ለማለት የሚያስደፍሩ ሦስት ዛፎች አገኙ። ብዙዎቻችን «ተዘረፍን» ብለን ተቆጣን። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የጄኔቲክ ሀብታችንን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ። መልካም፤ አዋጅ ግን ካፌይን አይለካም።

ጥያቄዬ ለቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በከተማዋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል። እኔ ከሙዚየሙ ይልቅ የምናፍቀው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ምርምር ተቋም ነው። ተልእኮውም ጠባብ ይሁን፤ የጫካውን ቡና ቀበሌ በቀበሌ፣ ዛፍ በዛፍ እየለዩ ካፌይኑን፣ አሲዱንና ዘይቱን መለካት፣ ውጤቱንም በአገር ስም መመዝገብ። ናኖውን (የዘመኑ ፋሽን ነውና) ሌላው ይያዘው። ማሩና ኮረሪማው በኋላ ይደርሳሉ።

ውድ መሣሪያ ማስፈለጉ አይካድም። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጠጋኙ ነው። የሚጠግነው ባለሙያ ሳይሠለጥን የተገዛ ክሮማቶግራፍ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ስለዚህ በጀት ሲያዝ የቴክኒሺያኑ ሥልጠናና ደመወዝ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት ይጻፍ።