ፒካዶኑ ከማለቁ በፊት፦ የትኛው የኮምፒውተር ሰርተፍኬት?

ልጆቻችን ጻቫን ጨርሰው ቤት ሲገቡ፣ ቦርሳቸው ሳይፈታ ስልኩ መደወል ይጀምራል። «የሳይበር ኮርስ አለን፣ በጥቂት ወር ሃይቴክ ያስገባል፣ ክፍያው በታሽሉሚም ነው» ይላሉ። ልጁ ደስ ይለዋል። እኛም ወላጆች ዕብራይስጡ ሲበረታብን «እሱ ያውቃል» ብለን ዝም እንላለን። ዝም ባንል ይሻላል። ፒካዶን ልጁ በአገልግሎቱ ያገኘው ገንዘብ ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ባሉት 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለቤት፣ ለሠርግ፣ ሥራ ለመክፈት የሚያወጣው። አንዴ በማይረባ ኮርስ ከፈሰሰ አይታፈስም።

መጀመሪያ ሁለት ወረቀት እንለይ። አንዱ ኮርሱን የሰጠው ቤት «ተምሮ ጨርሷል» ብሎ የሚሰጠው ተዑዳ ነው። ሌላው እንደ ሲስኮ፣ ኮምፕቲያ፣ አማዞን ያሉት ራሳቸው ያወጡትን ፈተና ያለፈ ሰው የሚያገኘው ነው፤ በዕብራይስጥ ሀስማኻ ይሉታል። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ያምራል። ቀጣሪ የሚያውቀው ግን ሁለተኛውን ነው። ኮርሱ ውድ ሆኖ የፈተናው ክፍያ ውስጡ የሌለበት ጊዜም አለ።

አገር ቤት ቀጥቃጭ አባቶቻችን የሠሩትን ማረሻ ገበሬው እርሻው ላይ ይፈትነው ነበር። ስማቸው በአካባቢው የታወቀ ነውና ወረቀት አላስፈለጋቸውም። እዚህ ልጃችንን የሚያውቅ ቀጣሪ የለም፣ ፕሮቴክጽያም የለንም። ለዚህ ነው ሰርተፍኬት ለእኛ ልጆች እንደ ዋስ የሚሆነው። ዋስ ግን ሥራውን አይሠራም፤ ልጁ ሳይገባው በቃሉ ሸምድዶ ካለፈ ኢንተርቪው ላይ ይታወቅበታል።

ታዲያ የትኛው? ኮምፒውተር በመጠገንና ሰው በመርዳት ለሚጀምር የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ አለ፤ ሁለት ፈተና ነው። ኔትወርክ ለሚወድ የሲስኮ ሲሲኤንኤ አለ፤ ከ2020 ወዲህ አንድ ፈተና ብቻ ሆኗል፣ ክፍያውም 300 ዶላር አካባቢ ነው። ለሁለቱም ዲግሪ አይጠየቅም፣ ሁለቱም በየ3 ዓመቱ ይታደሳሉ። ጀማሪ ልጅ ከእነዚህ በአንዱ ይጀምር፣ ሄልፕ ዴስክም ይግባ እንላለን። ፓስወርድ የረሳ ሰው ስልክ ማንሳት አያኮራም የሚሉ አሉ፤ ደሞዙም ትንሽ ነው፣ እውነት ነው። ግን የሚቀጥለው አለቃ «ልምድ አለህ ወይ?» ሲለው የሚመልሰው አለው። ሳይበሩና ክላውዱ ከዚያ ይቀጥላል።

ሲአይኤስኤስፒ የሚባለውን ትልቁን የሳይበር ሰርተፍኬት እንውሰድ። 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ልምዱ እስኪሞላ ድረስ ሙሉ ማዕረጉን አያገኝም። ትናንት ከጻቫ ለወጣ ልጅ ይህን የሚሸጥ ሰው ከደወለ ስልኩን ዝጉት።

«ሰርተፍኬት ምን ያደርጋል፣ ዩኒቨርሲቲ ይግባ» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ቶዓርን አንንቅም። ፕሮግራም መጻፍ ለሚፈልግ ልጅ እንዲያውም እነዚህ ሰርተፍኬቶች ብዙ አይጠቅሙትም፤ እዚያ ቶዓርና በእጁ የሠራው ሥራ ይበልጣል። ባግሩቱ አልሞላም ተብሎ ተስፋ የቆረጠ ካለ፣ ክፍት ዩኒቨርሲቲው ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኾሜትሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላል፤ ከሥራ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

እና ከመፈረሙ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁት ቁጭ በሉ። በሚፈልገው ሥራ 20 ማስታወቂያ ይክፈትና የትኛው ሰርተፍኬት ስሙ እንደሚደጋገም ይቁጠርላችሁ። ከዚያ ኮርሱን ይጠይቅ፦ ለየትኛው ፈተና ነው የምታዘጋጁት? የፈተናው ገንዘብ ሆዜው ውስጥ አለ ወይ? ባያልፍ ድጋሚውን ማን ይከፍላል? በፒካዶን መክፈል ይቻላል ወይ? «ሥራ እናስገባለን» ያላችሁት የት ተጽፏል? መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ካርቲስ አሽራዩ ከኪስ አይውጣ።