ይድረስ ለቀኙና ለግራው የመስሚያ መሣሪያዎቼ

ቀይ ምልክት ላለህ ለቀኙ፣ ሰማያዊ ምልክት ላለህ ለግራው፦ የኮሎራዶ የበረዶ ወራት ሊያበቃ ነውና ምስጋናዬን ሳላቀርብ ስኪዬን መስቀል አልፈለግሁም። በአደባባይ የምጽፍላችሁ ደግሞ እንደ እኔ ጆሯቸው የደከመ፣ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ተራራው ለመውጣት የሚያመነቱ ወገኖች ስላሉ ነው።

ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ልጆቻችን ተራራውን ያያሉ፤ እኛ ብርዱን እናያለን። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ላይ በስኪ ለኢትዮጵያ ከተወዳደረ ወዲህ ግን በረዶ የእኛ አይደለም የሚያሰኝ ነገር የለም። እኔ ልጀምር ስል የመጣልኝ ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ «አውልቀሽ ኪስሽ ውስጥ ክተቺያቸው፤ ወይ ይበላሻሉ ወይ ይወድቃሉ።» ምክሩ ከአሳቢነት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። አልተቀበልኩትም፤ ባለመቀበሌም ደስ ይለኛል።

ስኪ የዓይንና የጉልበት ነገር ብቻ ይመስላል፤ የጆሮም ነው። አዲስ የወረደ በረዶ ድምፅ ይውጣል፤ የጠጠረው ላይ ግን የስኪው ብረት ጠርዝ ይፍቃል። ከፊቴ የሚሄደው ሰው ስኪ ሲፍቅ ከሰማሁ፣ እዚያ ሳልደርስ ጉልበቴን አዘጋጃለሁ። በስኪ ደንብ ቅድሚያ የሚሰጠው ከታች ላለው ሰው ነው፤ መጠንቀቅ ያለበት ከላይ የሚመጣው ነው። ሆኖም አንዱ ከኋላዬ ሲጮህ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን የማውቀው እናንተ ሁለት ስለሆናችሁ ነው። አንጎል አቅጣጫን የሚለየው ድምፁ ለየትኛው ጆሮ ቀድሞ፣ ለየትኛውስ ጎልቶ እንደደረሰ አመዛዝኖ ነው። አንዳችሁ ብትጎድሉ ድምፁ ይቀራል፣ አቅጣጫው ይጠፋል።

ብርዱ ምን ያህል እንደሚፈትናችሁ አይቻለሁ። የባትሪ ድንጋያችሁ ዚንክ ነው፤ ልጣጩ ከተነሳለት በኋላ በቀዳዳው ከአየር ኦክስጅን እየሳበ 1.4 ቮልት ያህል ይሰጣል። ብርድ ሲጠናበት ኃይሉ ይዝላል። ጠዋት አዲስ ድንጋይ አድርጌላችሁ እንኳ ቀትር ሳይደርስ የማስጠንቀቂያዋን ድምፅ የምታሰሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ ትርፍ ድንጋይ የምይዘው በውስጥ ኪሴ፣ ገላዬ አጠገብ ነው። እናንተንም ስስ ኮፍያ ከሄልሜቱ ሥር ሲሸፍናችሁ የራሴ ሙቀት ይደርሳችኋል፤ ነፋሱም ማይክራፎናችሁን አይደበድብም።

ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳችሁ ከብርድ በኋላ የሚመጣው ሙቀት ነው ብል ብዙ ሰው አያምነኝም። ቀዝቅዛችሁ ወደ ሞቀ ቤት ስንገባ፣ ከውጭ እንደገባ መነጽር ጤዛ ትይዛላችሁ፤ የሄልሜቱ ሥር ላብም ይጨመርበታል። ከዚያ የምትፈጠረው ጠብታ ድምፅ ወደ ጆሮ በሚያስገባው ቱቦ ውስጥ ከተቀመጠች ድምፁን ትዘጋዋለች። አይፒ68 የሚለው ደረጃ አቧራና ውኃ እንደምትቋቋሙ ይናገራል። እኔ ግን ማታ ማታ የድንጋዩን በር ከፍቼ፣ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሳላሳድራችሁ አልተኛም። ልፋቱ ለአገልግሎታችሁ ያንሳል እንጂ አይበዛም።

ያለ እናንተም በረዶ ላይ ጀግና መሆን እንደሚቻል አውቃለሁ። መስማት የተሳናቸው ስፖርተኞች የክረምት ውድድር፣ ዛሬ ዴፍሊምፒክስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 በኦስትሪያዋ ዜፌልድ ተጀምሮ በ2024 የቱርኳ ኤርዙሩም ላይ ደርሷል። እዚያ የሚወዳደር ሰው በተሻለው ጆሮው እንኳ ቢያንስ 55 ዴሲቤል የመስማት ጉድለት ሊኖርበት ይገባል፤ ሁሉም እኩል እንዲሆኑም በውድድሩ ሰዓት የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ክልክል ነው። እነዚያን ስፖርተኞች ከልቤ አከብራለሁ። የእኔ ምስጋና «ያለ እናንተ ምንም ነኝ» የሚል አይደለም።

የማመሰግናችሁ ስለ ልጄ ነው። ቤት ውስጥ ፊቷን እያየሁ፣ ከንፈሯን እያነበብኩ ከእናንተ የጎደለውን እሞላለሁ። ተራራው ላይ መነጽሩ ዓይኗን፣ ሻርፑ አፏን ይሸፍነዋል፤ የሚነበብ ከንፈር የለም። ወደ ላይ በሚያወጣን ሊፍት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለታችንም ፊት ለፊት ነው የምናየው። ምናልባት ስለማንተያይ ይሆናል፣ ቤት የማትነግረኝን የምትነግረኝ እዚያ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለምትፈራው ነገር፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች። ኮቷ ላይ የሰካናት ትንሽ ማይክራፎን ድምጿን በቀጥታ ወደ እናንተ ትልካለች። ቁልቁል ስንወርድ ጥቂት ሜትር ቀድማኝ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ትለኛለች። «እሰማሻለሁ» እላታለሁ፤ እውነቴን ነው። ይህን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ሆይ፣ ሄልሜት ስትገዙ መሣሪያችሁን አድርጋችሁ ሞክሩ። የጆሮው መሸፈኛ ከተጠጋው ከጆሮ የሚያፈተልከው ድምፅ ተመልሶ ማይክራፎኑ ውስጥ ይገባና ያፏጫል፤ እንዲህ ካደረገ ሌላ ምረጡ። ቢወልቅ እንዳይጠፋ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ክር እሰሩለት፤ ነፋሱ ካስቸገራችሁ የመስማት ባለሙያችሁ እንዲያስተካክልላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁ መሣሪያ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በረዶው ላይ ሊጫወት ሲወጣ በር ላይ አታስወልቁት።